የሆንግ ኮንግ የንጽህና ቦርድ፦ ከሌሊት ባልዲ እስከ ምርጫ ሣጥን

የሆንግ ኮንግ የንጽህና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1883 የተቋቋመ፣ የቅኝ ግዛቲቱን ፍሳሽ፣ ቆሻሻ፣ ገበያ፣ ቄራ፣ የመቃብር ቦታና የመኖሪያ ቤቶች ይዞታ እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነበር። በ1936 ስሙ ተለውጦ የከተማ ምክር ቤት ተባለ፤ በዚህም ስም እስከ 1999 መጨረሻ ዘለቀ። ስሙ በታሪክ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በ1894 ከተማይቱን የመታው ቸነፈር ነው። ሁለተኛው በቅኝ ግዛቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶ ሰው የተመረጠው ስለ ሽንት ቤትና ስለ ቆሻሻ ለሚመክረው ለዚሁ ቦርድ መሆኑ ነው። የቦርዱን ቃለ ጉባኤዎች የሚያገላብጥ ሰው ግን በሽታንም ምርጫንም ከማግኘቱ በፊት ደጋግሞ የሚያገኘው የቤት ኪራይን ነው።

ብሪታኒያ ደሴቲቱን የያዘችው በ1841 ሲሆን በተከታዩ ዓመት የናንኪንግ ውል ይዞታዋን አጸናላት። ቪክቶሪያ የተባለችው ከተማ የተቆረቆረችው በሰሜኑ ዳርቻ፣ በባሕሩና በተራራው መካከል በተጨነቀ ቀጭን መሬት ላይ ነው። ሜዳ የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ ቤት የሚሠራው ዳገቱ ተቆርሶ ወይም ባሕሩ በአፈር ተደልድሎ ነው። መሬት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውድ ሆነ። መንግሥትም ከሚደጎምበት ገቢ ዋና ዋናው መሬትን በጨረታ በሊዝ ማከራየት ስለነበር የዋጋውን መናር አልጠላውም።

በ1843 በጋ ብዙ ወታደሮች በትኩሳት አለቁ። መንሥኤው ከተቆፈረ መሬትና ከረግረግ የሚነሣ መጥፎ አየር ነው ተባለ፤ ዛሬ ሲታሰብ ዋናው ወባ ሳይሆን አልቀረም። የጤና ጉዳይ የመንግሥት ራስ ምታት የሆነው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጭንቀት ለወታደሩና ለአውሮፓዊው ነጋዴ እንጂ ከዋናው ቻይና ሥራ ፍለጋ ለሚጎርፈው ሕዝብ አልነበረም። በ1844 ከመሐል ከተማው በላይ ባለው ገበያ ይኖሩ የነበሩ ቻይናውያን ቦታውን ለአውሮፓውያን እንዲለቁ ተደርጎ ወደ ምዕራብ፣ ታይ ፒንግ ሻን ወደሚባለው ተዳፋት ተዛወሩ። ስሙ የሰላም ተራራ ማለት ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቸነፈሩ የገባው እዚያው ሰፈር ነው።

የታይ ፒንግ ሻን ቤት ጠባብና ረጅም ነው። ስፋቱን የሚወስነው ከቻይና የሚመጣው የወለል ግንድ ርዝመት ነው፤ ግንዱ ከሚደርስበት በላይ ግድግዳን ከግድግዳ ማራቅ አይቻልም። ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ስለሚሠሩ መስኮት ያላቸው በፊት ለፊት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ጨለማ ነው፤ ማዕድ ቤቱም ጭሱን ይዞ መጨረሻው ላይ ተወሽቋል። አከራዩ አንድን ወለል ለአንድ ሰው ያከራያል። ያ ተከራይ ወለሉን በሳንቃ ከፋፍሎ ለየቤተሰቡ ይሸነሽነዋል፤ ከሳንቃው በላይ ደግሞ ቆጥ ሠርቶ የመኝታ ቦታ ለብቻ ይሸጣል። ከ1873 ጀምሮ የቅኝ ግዛቲቱ ዋና ሐኪም የነበሩት ፊኒያስ ኤርስ ገና በሹመታቸው መጀመሪያ ቤት ለቤት ዞረው ያዩትን ሲጽፉ በመኖሪያ ቤት ውስጥ አሳማ እንደሚረባ ሳይቀር ገልጸው ነበር። ሪፖርታቸው ለዓመታት ብዙ የሠራው ነገር የለም። የቤቶቹ ባለቤቶች ቻይናውያን ብቻ ስላልነበሩ ጉዳዩ የሚነካው ብዙ ሰው ነው።

የሰው ዓይነ ምድር አወጋገድም ከኪራዩ ያላነሰ ንግድ ነበር። በካንቶንኛ ሥራው የሌሊት መዓዛ መድፋት ይባላል፤ እንዲህ ያለ ሽሙጥ ከማንኛውም ሕዝብ ዘንድ አይጠፋም። በየቤቱ ያለውን ባልዲ ሌሊት እየዞሩ የሚያነሡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። የተሰበሰበው በጀልባ ተጭኖ ወደ ጓንግዶንግ ይሄዳል፤ እዚያም ለሐር ትል ቀለብ የሚሆነውን የእንጆሪ ዛፍ የሚያለሙ ገበሬዎች ለማዳበሪያ ይገዙታል። ሽንት ቤት የሌለው ሠራተኛ የሚጠቀምባቸው የመንገድ ዳር መጸዳጃዎችም ብዙዎቹ የግል ነበሩ፤ ባለቤቱ ከተጠቃሚው ሣንቲም ይቀበላል፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ደግሞ ለነጋዴ ይሸጣል። መንግሥት ራሱ የመሰብሰብ መብቱን በኮንትራት እየሸጠ ገቢ ያገኝ ነበር። ስለዚህ በብዙ አገር ከተማን ገንዘብ የሚያስወጣው ሥራ በሆንግ ኮንግ ገንዘብ ያስገባ ነበር። ቦርዱ በኋላ ይህን ሥርዓት ለመለወጥ ለምን እንደተቸገረ የሚያስረዳውም ይኸው ነው።

ከቦርዱ በፊት ቻይናውያን ነዋሪዎች ራሳቸው ያቋቋሙት አንድ ትልቅ ተቋም ነበር። በታይ ፒንግ ሻን በሚገኝ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሊሞቱ የተቃረቡ ድሆች ከሬሳ ጋር ተጥለው መገኘታቸው በ1869 ቅሌት አስነሣ። በዚሁ ሰበብ በ1870 ሕግ ወጥቶለት በ1872 የተከፈተው ቱንግ ዋ ሆስፒታል በቻይና ባህላዊ ሕክምና የሚያክም፣ በታላላቅ ቻይናውያን ነጋዴዎች የሚተዳደር ነበር። ሆስፒታል ብቻም አልነበረም፤ ሬሳን ወደ ትውልድ አገሩ ይልካል፣ ጠብ ያስታርቃል፣ የሕዝቡን አቤቱታ ለአገረ ገዢው ያደርሳል። ከቅኝ መንግሥቱ ይልቅ ሕዝቡ የሚያምነው እርሱን ስለነበር የንጽህና ቦርዱ ኋላ በሠራው ሥራ ሁሉ ወይ ረዳት ወይ ተቀናቃኝ ሆኖ አብሮት ይታያል።

ቦርዱን የወለደው ጠብ የተነሣው በአገረ ገዢ ጆን ፖፕ ሄንሲ ዘመን ነው። ሄንሲ ከ1877 እስከ 1882 ሲገዙ ለቻይናውያን ያደላሉ ተብለው በአገራቸው ሰዎች ዘንድ የተጠሉ ሰው ነበሩ። በንጽህና ረገድም በውኃ የሚለቀቀውን የእንግሊዝ ሽንት ቤት አይወዱም፤ የቻይናውያን ደረቅ ባልዲ ይሻላል ባይ ነበሩ። የሕዝብ ሥራ ኃላፊው ፕራይስ ደግሞ የከተማይቱ ፍሳሽ እንዲስተካከል አጥብቀው ይጠይቁ ነበር። ክርክሩ አላልቅ ሲል ለንደን አስታራቂ ላከች። የመጡት መሐንዲሱ ኦዝበርት ቻድዊክ ናቸው፤ በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ንቅናቄ ስማቸው የገነነው የኤድዊን ቻድዊክ ልጅ።

ቻድዊክ በ1882 ያቀረቡት ሪፖርት በዘመኑ ከተጻፉት የቅኝ ግዛት ሰነዶች መካከል እስከ ዛሬ ሊነበብ የሚገባው ነው። ሰውዬው ቦዩን ከፍተው፣ ቤቱን በሜትር ለክተው፣ ባልዲው ከቤት ወጥቶ ጀልባ እስኪደርስ ተከትለው የጻፉት ነው። ብዙ አውሮፓውያን እንደሚሉት ጥፋቱን በቻይናውያን ጠባይ ላይ አልጫኑም። ሕዝቡ ንጹሕ ሆኖ እንዳይኖር ያደረገው ቤቱ ነው፤ ብርሃንና ውኃ በሌለው፣ ጓሮ በሌለው ቤት ውስጥ ማንም ቢኖር ያው ነው የሚል ነበር ግምገማቸው። የአውሮፓውያኑም ቦዮች ቢሆኑ በክፉ ሁኔታ የተሠሩ ሆነው አገኟቸው። ባልዲው እንዳለ ቀርቶ አነሣሡ እንዲስተካከል፣ ውኃ በብዛት እንዲገባ፣ ቤቶች ከኋላቸው ክፍት ቦታ እንዲተውላቸው፣ ይህንንም የሚቆጣጠር አካል እንዲቋቋም መከሩ። ወረርሽኝ ገብቶ እስኪያስተምር ድረስ መጠበቅ እንደማይገባም አስጠነቀቁ። ከውኃው ጉዳይ በቀር፣ ማለትም ታይ ታም ላይ ከተሠራው ትልቅ ግድብ በቀር፣ የተባለው ሁሉ ዘገየ።

በ1883 የተቋቋመው ቦርድ በመጀመሪያ ሦስት ባለሥልጣናትን ብቻ የያዘ ነበር፦ ዋናው ቀያሽ፣ የቻይናውያንን ጉዳይ የሚከታተለው ዋና መዝጋቢና ዋናው ሐኪም። ሦስቱም ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቦርዱ የራሱ ገንዘብም ሆነ መሐንዲስ አልነበረውም፤ የሚያዝዘው ነገር ቢኖር የሚፈጸመው ሌላው መሥሪያ ቤት ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰፋ እንዲል ተወሰነ፤ ከመንግሥት ውጭ የሆኑ አባላትም ገቡበት። ከእነዚህ አንዱ በ1886 የተሾሙት ሆ ካይ ናቸው።

ሆ ካይ በስኮትላንድ አበርዲን ሕክምና፣ በለንደን ሕግ የተማሩ፣ እንግሊዛዊት ያገቡና በሚስታቸው ስም በ1887 የአሊስ መታሰቢያ ሆስፒታልን ያሠሩ ቻይናዊ ነበሩ። ከሆስፒታሉ ጋር በዚያው ዓመት የተከፈተው የቻይናውያን የሕክምና ኮሌጅ ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃን አንዱ አድርጎ በ1892 ያስመረቀው ሱን ያትሴንን ነው፤ ኋላ የቻይና ንጉሣዊ ሥርዓት ሲወድቅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑትን። የኮሌጁ የመጀመሪያ ዲን ፓትሪክ ማንሰንም በትንኝ ላይ ባደረጉት ምርምር ስማቸው የታወቀ ሐኪም ሲሆኑ ሆንግ ኮንግ ሳሉ ንጹሕ ወተት ለማቅረብ በ1886 የላም እርባታ ኩባንያ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

የምዕራብ ሕክምና የተማረ ሰው ለጤና ሕግ ይሟገታል ተብሎ ሊገመት ይችላል። ሆ ካይ ግን በ1887 የቀረበውን የሕዝብ ጤና ረቂቅ አጥብቀው ተቃወሙ። ቻይናውያንን እንደ እንግሊዛውያን እንዲኖሩ ማስገደድ ስሕተት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ጓሮና ተጨማሪ ቦታ ይተው ቢባል መሬቱ ይባክናል፣ ኪራዩ ይንራል፣ ድሃውም የሚገባበት ያጣል አሉ። ከ40 ሺህ በላይ ቻይናውያን የፈረሙበት አቤቱታም ገባ። ክርክሩ እውነት አለበት፤ ኪራይ ከናረ የሚጎዳው ድሃው መሆኑ አያጠራጥርም። ግን ሆ ካይ ራሳቸው በመሬትና በቤት ገንዘብ ካፈሩ ቤተሰቦች የወጡ ነበሩ፤ ከጎናቸው የተሰለፉት እንግሊዛውያን ባለቤቶችም የድሃው ጭንቀት ያን ያህል የሚያሳስባቸው አልነበሩም። ሕጉ ጥርሱ ወልቆ ወጣ፤ ቤቶችን የሚመለከተው ዋናው ክፍል ከውስጡ ተነቀለ።

በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ሳይታሰብ ሌላ ነገር ተቀመጠ። ከቦርዱ አባላት ሁለቱ ግብር ከፋዮች በድምፅ የሚመርጧቸው እንዲሆኑ ተደነገገ። መራጩ ስሙ በዳኝነት ሸንጎ ዝርዝር ላይ የሚገኝ ግብር ከፋይ ነው፤ ይህም እንግሊዝኛ ማወቅን ስለሚጠይቅ ብዛታቸው በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር፣ በአብዛኛው አውሮፓውያን ወንዶች ነበሩ። በ1888 የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ፤ ከተመረጡት አንዱ ጠበቃው ጆን ጆሴፍ ፍራንሲስ ነበሩ። የሕግ አውጪው ምክር ቤት በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ አባል ያገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 ነው። በዚያው 1888 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የከተማይቱን አንድ ክፍል ለአውሮፓውያን ዓይነት ቤቶች ብቻ ከለለ። ምክንያቱ ጤና ነው ተባለ። በ1904 ደግሞ ቪክቶሪያ ፒክ የተባለው ነፋሻው የተራራ ጫፍ በሕግ ለአውሮፓውያን መኖሪያ ተለየ፤ ያ ሕግ የተሻረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ነው።

ቸነፈሩ ከዩናን ተነሥቶ በ1894 መጀመሪያ ካንቶን ደረሰ። ካንቶን ከሆንግ ኮንግ በመርከብ የአንድ ሌሊት መንገድ ናት። የመንግሥት ሆስፒታሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ወጣቱ ሐኪም ጄምስ ሎውሰን ካንቶን ሄደው በሽታውን አይተው እንደተመለሱ፣ ግንቦት 8 ቀን በገዛ ሆስፒታላቸው ተመሳሳይ ሕመምተኛ አገኙ፤ ትኩሳትና በብሽሽት ወይም በብብት የሚወጣ ትልቅ ንፍፊት። በሁለት ቀን ውስጥ ወደቡ በበሽታ የተበከለ ነው ተብሎ ታወጀ። ቦርዱም ፍራንሲስ፣ ዋናው ሐኪም ኤርስና የፖሊስ አዛዡ ሄንሪ ሜይ ያሉበት ቋሚ ኮሚቴ አቋቁሞ የማዘዝ ሙሉ ሥልጣን ሰጠው። አሥራ አንድ ዓመት ሥልጣን ሲለምን የኖረው ቦርድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤት ሰብሮ እስከ መግባት ደረሰ።

ደንቡ ግልጽ ነበር። ሕመምተኛ ሁሉ ከቤቱ ይወጣል፤ ሬሳ በመንግሥት ቦታ ጥልቅ ተቆፍሮ፣ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል፤ ቤቱ ይታጠናል፣ በኖራ ይቀባል፣ የማይጸዳ ዕቃ ይቃጠላል። ሕመምተኞቹ በመጀመሪያ የሚወሰዱት ሃይጂያ ወደተባለች፣ ባሕር ላይ ወደቆመች የሆስፒታል መርከብ ነው። ኬኔዲ ታውን የሚገኝ የፖሊስ ጣቢያ ወደ ሆስፒታልነት ተለወጠ፤ በአቅራቢያው ያለ የመስታወት ፋብሪካ ደግሞ በቱንግ ዋ ሐኪሞች እጅ ሆነ። ቤት ለቤት የሚፈትሹትና ኖራ የሚቀቡት ከሽሮፕሻየር እግረኛ ክፍለ ጦር በፈቃዳቸው የወጡ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወታደሮች ናቸው። ከእነርሱም መካከል የታመሙ ነበሩ፤ አንድ መኮንንም ሞተ።

ለቻይናዊው ነዋሪ ግን ይህ ሁሉ ከበሽታው ያላነሰ መዓት ነበር። ወታደር ሴቶች ወዳሉበት እልፍኝ ይገባል። ሕመምተኛው ከዘመድ ተለይቶ ባሕር ላይ፣ የማይታወቅ ሐኪም እጅ ይወድቃል፤ ሲሞትም በአባቶቹ ምድር ሳይሆን ኖራ በፈሰሰበት ጉድጓድ ይቀበራል። የሞተ ሰው አጽሙ ወደ ትውልድ መንደሩ ካልተመለሰ ዕረፍት የለውም ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ይህ ከሞት የከፋ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች የሕፃናትን ዓይን ለመድኃኒት ያወጣሉ የሚል ወሬ ተሠራጨ፤ በካንቶንም ይህንኑ የሚናገሩ ጽሑፎች በየግድግዳው ተለጠፉ። ግንቦት 20 ቀን በቱንግ ዋ ስብሰባ ሲደረግ የተቆጣ ሕዝብ የሆስፒታሉ ሊቀ መንበር የሚጓዙበትን በሰው ሸክም የሚሄድ ወንበር በድንጋይ ደበደበ። መንግሥት በታይ ፒንግ ሻን ፊት ለፊት የጦር ጀልባ አቆመ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ዊልያም ሮቢንሰን ሕመምተኞች ከፈለጉ በጀልባ ወደ ካንቶን እንዲሄዱ ፈቀዱ። ከ240 ሺህ በላይ ከነበረው ሕዝብ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋው ከተማይቱን ጥሎ ወጣ። በዚያ ዓመት በቸነፈሩ ከ2,400 በላይ ሰው ሞተ፤ ከታመሙት ቻይናውያን የዳኑት እጅግ ጥቂት ናቸው።

የበሽታው ምስጢር የተገለጠውም በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ከቦርዱ ሥራ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ከጃፓን ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ከነባልደረቦቻቸው፣ ከፈረንሳይ ኢንዶቻይና አሌክሳንደር ይርሲን ለብቻቸው በቀናት ልዩነት ደረሱ። ሎውሰን ለኪታሳቶ ቡድን ላቦራቶሪና ሬሳ ሲሰጡ ይርሲን ከአሊስ መታሰቢያ ሆስፒታል አጠገብ የሣር ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። ሬሳ የሚጠብቁትን እንግሊዛውያን መርከበኞች በገንዘብ ካለዘቡ በኋላ ከሬሳዎቹ ንፍፊት ናሙና ወስደው ባክቴሪያውን አገኙ፤ ዛሬ የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው። ኪታሳቶም ቀደም ብለው አግኝቻለሁ ብለው ነበር፤ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስካሁን አልሞተም። ከኪታሳቶ ጋር የመጡት አዮያማ ሬሳ ሲመረምሩ በበሽታው ተይዘው ለጥቂት ተርፈዋል። ይርሲን በየቤቱና በየመንገዱ አይጦች ሞተው እንደሚታዩና እነርሱም ያንኑ ባክቴሪያ እንደተሸከሙ ጻፉ። ቁንጫ ከአይጥ ወደ ሰው እንደሚያሻግረው ፖል ሉዊ ሲሞን በካራቺ በሙከራ ያሳዩት ግን በ1898 ነው፤ በሰፊው ተቀባይነት እስኪያገኝም ተጨማሪ ዓመታት ወስዷል። በ1894 በኖራው፣ በጭሱና በመድኃኒቱ የተሳደደው ሌላ ጠላት ነበር። አይጡ ከሚታወከው ቤት ወደማይታወከው መሸሹን ያኔ ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

ወረርሽኙ ጋብ ሲል ለሠሩት ሰዎች ሽልማት ተሰጠ። ሜይ ንጉሣዊ ኒሻን ሲያገኙ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ለነበሩት ፍራንሲስ የብር የቀለም ዕቃ ደረሳቸው። ስድብ ነው ብለው መለሱት።

መንግሥት በታይ ፒንግ ሻን የከፉትን ቤቶች በሕግ ከባለቤቶቹ ወስዶ፣ በካሳ ከፍሎ፣ አካባቢውን በግንብ አጥሮ አፈረሰው። የቦታው ከፊል ኋላ በአገረ ገዢ ሄንሪ ብሌክ ስም የተሰየመ የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። ቤቱ የፈረሰበት ተከራይ ግን ካሳ አላገኘም፤ ወደ ቀጣዩ ሰፈር ሄዶ በሌላ ቆጥ ላይ ተኛ። በ1895 ቦርዱ የቀን ሠራተኞች የሚያድሩባቸው ቤቶች ሁሉ እንዲመዘገቡ ባዘዘ ጊዜ ወዛደሮቹ ይህ የነፍስ ወከፍ ግብር መጀመሪያ ነው ብለው ሥራ አቆሙ፤ ወደቡም ለቀናት ጭነት ሳይነሣበት ቆየ። በ1896 ደግሞ እንግሊዛውያኑ ነዋሪዎች በቦርዱ ከመንግሥት ሠራተኞች ይልቅ የሕዝቡ ተወካዮች ይብዙ ወይስ አይብዙ ተብለው ሲጠየቁ በከፍተኛ ድምፅ ይብዙ አሉ። ለንደን አልሰማቻቸውም። ይህም ሆኖ በ1895 ለቦርዱ ራሱን የቻለ የጤና መኮንን፣ ሐኪሙ ፍራንሲስ ክላርክ፣ ተሾመለት፤ ቦርዱ የራሱ ባለሙያ ያገኘው በዚህ ነው።

ቸነፈሩ በ1896 ተመለሰ፤ ከዚያም በኋላ አንዳንድ ዓመት እየዘለለ እስከ 1929 ድረስ ተመላለሰ። በጠቅላላው ከ20 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። ቻድዊክ በ1902 ከፕሮፌሰር ዊልያም ሲምፕሰን ጋር እንደገና ተጠርተው መጡ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ያሉትን ከሞላ ጎደል ደግመው መናገር ነበረባቸው። በዚህ ጊዜ ሰሚ አገኙና በ1903 የሕዝብ ጤናና የሕንፃ ሕግ ወጣ። አዲስ ቤት ከኋላው ክፍት ቦታ እንዲኖረው፣ የክፍልፋዮች ብዛትና ቁመት እንዲወሰን፣ የሚኖረው ሰው ቁጥር በወለሉ ስፋት እንዲለካ አዘዘ። በ1887 የተነቀለው ጥርስ በአሥራ ስድስት ዓመቱ በቀለ ማለት ነው።

ሕጉ የቦርዱን ተቆጣጣሪ ትልቅ ሰው አደረገው። አንድ ክፍልፋይ ይፍረስ ወይስ ይቆይ፣ አንድ ጓሮ በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ ለአከራዩ ብዙ ገንዘብ ነው። መጨረሻው ለመገመት አይከብድም። በ1906 የተሰየመ አጣሪ ኮሚሽን በተከታዩ ዓመት ባቀረበው ሪፖርት ጉቦ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተንሠራፍቶ እንዳለ ገለጸ። ከዚያ በኋላ በ1908 የንጽህና ሥራው አመራር ከሐኪሞችና ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ ለአስተዳደር ሹሞች ተሰጠ።

በአይጥ ላይ የተካሄደውም ዘመቻ የራሱ ጣጣ ነበረው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ አይጥ ጥቂት ሣንቲም ይከፈል ነበር፤ አይጥ ከዋናው መሬት እየተጫነ ይመጣል የሚል ጥርጣሬ ስለበዛ ክፍያው ቀረ። ቆይቶ በየመብራት ምሰሶው ላይ መድኃኒት ያለበት የቆርቆሮ ሣጥን ተንጠለጠለ፤ የሞተ አይጥ ያገኘ ሁሉ እዚያ ይጥላል። የሚሰበሰበው አይጥ የተገኘበት ቦታ እየተመዘገበ በ1906 ወደተከፈተው የባክቴሪያ ምርምር ተቋም ይሄዳል። ተቋሙ የቆመው በታይ ፒንግ ሻን ዳገት፣ ከፈረሱት ቤቶች አጠገብ ነው፤ ሕንፃው ዛሬ የሕክምና ሙዚየም ነው።

ቦርዱን ከሁሉ ይበልጥ ያደከመው ግን ወደ ጎዳና የሚጣል ሬሳ ነው። በቤት ውስጥ በቸነፈር የሞተ ሰው ከተገኘ ቤቱ ይታጠናል፣ ዕቃው ይወጣል፣ ፍራሹ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ድሃው ሬሳውን ሌሊት አውጥቶ መንገድ ዳር ይተወዋል። ደንቡ በጠነከረ ቁጥር የሚጣለው ሬሳ በዛ። መፍትሔው ከቦርዱ አልመጣም። ከ1905 አካባቢ ጀምሮ ቻይናውያን ነጋዴዎች በየሰፈሩ የሕዝብ ክሊኒክ ከፈቱ፤ እዚያ የምዕራብ ሕክምና የተማረ ቻይናዊ ሐኪም ይቀመጣል፣ ሞትን ይመዘግባል፣ ሬሳ እንዲነሣ ያመቻቻል፣ ቤቱ ሲጸዳም ከወታደርና ከፖሊስ ይልቅ የሰፈር ሰው አብሮ ይሄዳል። ክትባትም በእነዚሁ በኩል ተስፋፋ። ሬሳ መጣል ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ቀነሰ። በ1894 ቱንግ ዋ የጠየቀው ከሞላ ጎደል ይህንኑ ነበር።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የቦርዱ ሥራ እየሰፋ፣ ስሙ እየጠበበ መጣ። ሕዝቡ በ1931 ከ800 ሺህ በላይ ሆኗል። በ1929 የደረሰው ድርቅ ከተማይቱን በውኃ እጥረት ስለመታት በውኃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ለሁሉ ይዳረስ የሚለው አሳብ ወደኋላ ተገፋ። በዚሁ ዘመን የሐር ገበያ ስለወደቀ የጓንግዶንግ ገበሬዎች ማዳበሪያውን በቀድሞው ዋጋ መግዛት ተዉ። ለሰባ ዓመት ያህል ራሱን ሲያስተዳድር የኖረው የባልዲ ንግድ ኪሳራ ውስጥ ገባ፤ ማንሣቱ በመንግሥት ጫንቃ ላይ ወደቀ። ለሽንት ቤት የባሕር ውኃ በተለየ ቧንቧ ማድረስ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ዛሬም አብዛኛው የከተማው ሽንት ቤት የሚለቀቀው በጨው ውኃ ነው።

በ1935 የወጣው ሕግ ቦርዱን የከተማ ምክር ቤት ብሎ ሰይሞ ከጥር 1 ቀን 1936 ጀምሮ ተካው። አምስት ባለሥልጣናትና ስምንት ከመንግሥት ውጭ የሆኑ አባላት ነበሩት፤ ከስምንቱ የሚመረጡት አሁንም ሁለት ብቻ ናቸው። ከ1941 መጨረሻ እስከ 1945 ጃፓን ደሴቲቱን ስለያዘች ምክር ቤቱ ተቋረጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲከፈት ምርጫው እስከ 1952 አልተመለሰም። በ1953 የገና ዕለት ሌሊት በሼክ ኪፕ ሜይ የተነሣው እሳት ከ50 ሺህ በላይ ስደተኛ ያለ ጎጆ ባስቀረ ጊዜ የሰፈራው ሥራ ለዚሁ ምክር ቤት ተሰጠ፤ ከዚያ የመነጨው የመንግሥት ቤቶች ግንባታ ነው ቻድዊክ የፈለጉትን ብርሃንና አየር በመጨረሻ ለብዙኃኑ ያደረሰው። በ1973 ምክር ቤቱ ከባለሥልጣናት ነፃ ወጥቶ የራሱን በጀት ያዘ። ገበያ፣ ቄራ፣ የጎዳና ነጋዴዎች፣ የሕዝብ መጸዳጃ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መናፈሻና ሙዚየም ሁሉ በእጁ ነበሩ።

ሆንግ ኮንግ ወደ ቻይና በተመለሰችበት በ1997 የታየው የወፍ ጉንፋን ስድስት ሰዎችን ገደለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮም ታረደ። ለምግብና ለገበያ ንጽህና የሚጠየቁት አካላት መብዛታቸው ሥራውን አዘገየው ተባለ። መንግሥት ይህን ጠቅሶ የከተማ ምክር ቤቱን ለመዝጋት ሲወስን ተቃዋሚዎች የተመረጡ ወኪሎችን ለማስወገድ የተገኘ ሰበብ ነው ብለው ተከራከሩ። ምክር ቤቱ ታኅሣሥ 31 ቀን 1999 ተበተነ። የንጽህና ሥራው በማግስቱ የምግብና የአካባቢ ንጽህና መምሪያ ለተባለ፣ የሚመረጥ አባል ለሌለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላለፈ።